ጉድጓድ አፍ ላይ ሰባት ዓመት

ልብ ወለድ ለመጻፍ ጸጥታ ያስፈልጋል የሚባለው ውሸት ነው። ጸጥታ የሚያስፈልገው ለበሽተኛ፣ ለእንቅልፍና ለሌባ ነው። እኔ በኬንያው ሞያሌ ከማውቃቸው ክፍሎች ሁሉ ጸጥ ያለው ውስጥ ሰባት ዓመት ተቀምጬ የጻፍኩት አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። ከአሥራ ዘጠኙም አራቱ የመታሰቢያ፣ የምስጋናና የመቅድም ገጾች ነበሩ።

ክፍሉ ከቤታችን ጀርባ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። በዋናው መንገድ የሚያልፉት ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የኪራይ ሞተሮች ጩኸታቸው እዚያ ሲደርስ የንብ ድምፅ ያህላል። ጠረጴዛ ነበረው፣ ወንበር ነበረው፣ እስከ ጣራ የተደረደረ መጽሐፍ ነበረው። የጎደለው ጸሐፊ ብቻ ነበር።

ጠዋት እገባለሁ። መጀመሪያ ጠረጴዛውን እወለውላለሁ። ከዚያ ስልኬን አነሣለሁ። በዚህ ከተማ ሰው አንድ የኬንያ፣ አንድ የኢትዮጵያ ሲም ካርድ ስለሚይዝ ሌላው ዓለም በአንድ አገር ወሬ ሲዘናጋ እኛ በሁለት እንዘናጋለን። የናይሮቢን ፖለቲካ ስጨርስ ያለ ፓስፖርት ወደ አዲስ አበባው እሻገራለሁ። ስልኩን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩበት ቀንም አለ። የዚያን ዕለት ስለ ግመል ጭነት አሠራር የሚያትት ወፍራም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። በልብ ወለዴ ውስጥ ግመል የለም።

ሙያዬ መጣጥፍ መጻፍ ነው። ወላጆቼ ከድንበሩ ማዶ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ አማርኛውን ያወረሱኝ እነሱ ናቸው። ትምህርቱን በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ተማርኩ፣ ገበያውን በኦሮምኛ ለመድኩ። ድሮ ጥቂት ዓመት ስላስተማርኩ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ በስዋሂሊው ምዋሊሙ ይለኛል፤ መምህር ማለት ነው። ለአዲስ አበባ መጽሔቶች ስጽፍ የኖርኩት በአብዛኛው የሌሎች ሰዎች ልብ ወለድ ለምን እንደማይረባ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሲያፈርስ የኖረ እጅ የራሱን አንድ ጡብ ለማስቀመጥ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። ሥራን ነገ ዛሬ ስለ ማለት ብቻ ሦስት መጣጥፍ ጽፌያለሁ፤ ሦስቱም የተጻፉት ልብ ወለዱን ላለመጻፍ ነው፤ ሦስቱም ተወድሰዋል።

ልብ ወለዱ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ድርቅ ከብቷን ይጨርስባታል። አንድ ጀሪካን ይዛ በእግሯ ትነሣና አንድ ጉድጓድ ትደርሳለች። ጉድጓዱ ተራ አለው። እሷም ተራዋን ለመጠበቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች። በዚያው ተቀምጣ ቀረች። እኔም በዚያው ተውኳት።

ባለቤቴ ነጋዴ ናት። ብርድ ልብስ፣ ሳፋና ፔርሙዝ ከከተማ እያመጣች በየገጠሩ ላሉ ሴቶች ትሸጣለች። አንድ በጋ የብርድ ልብስ ቦንዳ አስጭና መጣችና የጸጥታዬን በር በእግሯ ከፈተችው።

“አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ሴትዮ ውሃ ጠጣች?”

“ገና ናት” አልኳት።

“እኔ ናይሮቢ ስንቴ ተመላለስኩ! እሷ አንድ ጀሪካን መሙላት አቃታት?”

“ሥነ ጽሑፍ እንደ ብርድ ልብስ አይደለም።”

“አዎ አይደለም። ብርድ ልብስ ያልቃል።” ቦንዳውን ደፉ ላይ አስቀመጠችው። “ስማኝ። ዝናቡ ሳይገባ ወይ ሴትዮዋን ከዚያ አንሣት፣ ወይ ክፍሉን ለዕቃዬ ልቀቅልኝ። የኔ ዕቃ በረንዳ ላይ አቧራ ሲጠጣ እሷ ጥላ ውስጥ ተዘርፍጣለች።”

እኔም እንደ ማንኛውም የተነቃበት ሰነፍ “ጥናት” ለማድረግ ተነሣሁ። ጥናት ከስንፍና ስሞች ሁሉ የተከበረው ነው። ጉድጓድ ሳላይ ስለ ጉድጓድ መጻፍ አልችልም ብዬ ከብት አርቢዎች ወደሚኖሩባት ወደ ኡራን መንደር እሄዳለሁ አልኩ። ጉድጓድ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴም እዚያ ሻይ ቤት ላላት አንዲት ደንበኛዋ የሚደርስ ስድስት ብርድ ልብስ አሸከመችኝና “ቢያንስ አንድ ሥራ ሠርተህ ትመለሳለህ” አለችኝ።

በሎሪ ላይ፣ በስኳር ጆንያና በፍየሎች መካከል ተቀምጬ ኡራን ደረስኩ። ብርድ ልብሱን አስረክቤ ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ሻይ ስጠጣ አንድ ሽማግሌ፣ በትር በእጃቸው፣ ስልክ በአንገታቸው፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ሰላምታው እንደ አገሩ ደንብ ረጅም ነበር፤ የልጆቹ ሰላም፣ የከብቱ ሰላም፣ የሣሩ ሰላም፣ የመንገዱ ሰላም። ከዚያ “ኦዱ?” አሉኝ። ወሬ ምን አለ ማለታቸው ነው።

ወሬ ከተማ ውስጥ ቀላል ነገር ነው። እዚያ ግን ከመንገድ የመጣ ሰው ያየውንና የሰማውን ከሥሩ ጀምሮ የመናገር ግዴታ አለበት። የትኛው ኩሬ ውሃ ያዘ፣ የት ሣር በቀለ፣ የማን ከብት ታመመ። ሰሚው አያቋርጥም፤ ተናጋሪው ሲያበቃ ይጠይቃል፤ የሰማውን ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። መንጋ የሚነዳው በዚህ ወሬ ነው።

እኔ ምንም ወሬ አልነበረኝም። ለሦስት ሳምንት ከክፍሌ አልወጣሁም፤ በመንገዱም ላይ ከፍየል ቂጥ በቀር ያየሁት አልነበረም። “ወሬ የለኝም” ማለት ደግሞ እዚያ ንፉግነት ነው። ስለዚህ ዐይኔን በጨው አጥቤ “አንዲት ሴት አለች” ብዬ ጀመርኩ። ተረት ነው አላልኩም። ባሏ እንዴት እንደሞተ፣ ከብቷ አንድ በአንድ እንዴት እንደወደቀ፣ ጀሪካኗን ይዛ እንዴት እንደተነሣች አወራሁ። በሰባት ዓመት ያላገኘሁት ቅልጥፍና ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ጉድጓዱ አፍ ላይ አደረስኳትና ዝም አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውማ።

ሽማግሌው ጠበቁ። ጠበቁና “ከዚያስ?” አሉ።

“ከዚያማ… እዚያው ናት።”

“አላጠጧትም?”

“እስካሁን አላጠጧትም።”

“ጎሳዋ ማነው?”

ደነገጥኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለዚህች ሴት የብቸኝነት ስሜት፣ ስለ ሕልሟ፣ ስለ ዝምታዋ ትርጉም አስቤያለሁ፤ ማስታወሻዬ ሦስት ደብተር ሞልቷል። የማን ወገን ናት ብዬ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ያንን ጥያቄ እዚያ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ አስቀድሞ ይጠይቀዋል። ጭንቀት ይዞኝ፣ ደግሞም አክብሮት መስሎኝ፣ “የእናንተው ናት” አልኩ።

ሽማግሌው ሻያቸውን ሳይጨርሱ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔ ታሪኩ ልባቸውን ነክቷቸው ነው ብዬ እጅግ ተደሰትኩ። ሞያሌ ተመልሼም ለአንድ ጓደኛዬ ስለ አድማጭ ኃይል ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ከልብ ወለዱ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንድ ሞተር ሁለት ሰው በራችን ላይ ቆመ። አንዱ እኒያው ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ሞተሩን የሚነዳው የእኅታቸው ልጅ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ጎልማሳ ነበር። ባለቤቴ ሻይ አቀረበች። ሰላምታው ተራውን ጠብቆ አለቀ።

“ጊደሯ ተገኝታለች” አሉ ሽማግሌው።

“የትኛዋ ጊደር አባቴ?”

“የልጃችን ናታ! ጎሳው ተቀምጦ ነበር። አንዲት ጊደርና ስድስት ፍየል ተዋጥቷል። አሥር ጉድጓድ ዞረን ጠየቅን፣ ቦሪ መንደር ድረስ ሰው ላክን፤ አጣናት። የት እንደተቀመጠች የምታውቀው አንተ ነህ። ተነሥና ምራን።”

እነሱ ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኖቹ ከየመንጋቸው አዋጥተው መልሰው ያቆሙታል። ወገኑ ሲቸገር ሰምቶ ዝም ያለ ጎሳ ያፍራል። እኔ “የእናንተው ናት” ባልኩ ቀን አንዲት ከወረቀት የተሠራች ሴት ያንን ሁሉ ሰው አሳፍራ ኖሯል።

ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ነገሩ ወዲያው ገብቷታል። “ንገራቸዋ!” አለችኝ በአማርኛ። “ጓዳ ክፍሌ ውስጥ ናት፣ ከተቀመጠች ሰባት ዓመቷ ነው በላቸው እንጂ።”

ተናገርኩ። ሴትዮዋ የለችም፣ ከራሴ አውጥቼ ነው አልኩ። የእኅታቸው ልጅ ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም።”

“የማን ከብት አለቀ?”

“የማንም።”

“እኛ ግን አሥር ጉድጓድ ዞርን።” ስኒያቸውን አስቀመጡ። “ውሃ በሌለበት አለ የሚል ሰው መንጋ ይገድላል። ያንተ ወሬ ከዚያ በምን ይለያል?”

ስንቱን ደራሲ “እውነት አይመስልም” ብዬ ሰቅዬ፣ እኔ ወሬዬ እውነት መስሎ በመገኘቱ ተከሰስኩ። በአራተኛው ቀን ኡራን መጥተህ ለጉባኤው መልስ ትሰጣለህ ብለውኝ ሄዱ።

ባለቤቴ አልተቆጣችም፤ ይሄ ባሰኝ። ስኒዎቹን እየሰበሰበች “እኔ እዚያ የምነግደው በቃሌ ነው” አለች። “‘ይሄ ብርድ ልብስ ጥሩ ነው’ ስላቸው ሳይገልጡ ይወስዳሉ። የውሸታም ሚስት ከተባልኩ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?”

ጉባኤው ግራር ሥር ነበር። ልብ ወለድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጀመርኩ። ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን መታ አደረጉና አስቆሙኝ።

“ተረት አያውቁም ብለህ ነው? ተረት እናውቃለን። ተረት ሲመሽ ይጀመራል፤ ተረት ነው ተብሎ ይጀመራል፤ ከተጀመረም ይጨረሳል። አንተ በጠራራ ፀሐይ ጀመርክ። ወሬ ነው ብለህ ጀመርክ። ሴትዮዋንም ጥለሃት ሄድክ። ሦስት ጥፋት ነው።”

ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሂስ አንብቤያለሁ፣ ጽፌያለሁም። በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር እንዲህ የተጠናቀቀ አላየሁም።

በምን ልቀጣ የሚለው ግን አከራከረ። አንዱ ፍየል ይክፈል አለ። ሌላው ሁለት አለ። ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን ያደረስኩላት ባለ ሻይ ቤት ከዳር ሆና ጮኸች። “ፍየሉ ምን ያደርግልናል? ሴትዮዋን ያጠጣት!” ሰዉ ሳቀ፤ ፍርዱም በዚያው ሆነ። ጨረቃ ስትሞላ መጥቼ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንድናገር፣ ካልመጣሁ ግን ከቤቴ የሚወጣ ቃል፣ የእኔም ሆነ የሚስቴ፣ በዚያ አገር እንዳይሰማ ተወሰነ። ሃያ ሁለት ቀን ነበረኝ።

ሞያሌ እንደደረስኩ ክፍሉን ለብርድ ልብሶቹ ለቀቅኩ። ወንበሬን ተሸክሜ ከገበያው መንገድ ዳር ካለው የባለቤቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ረዳቶች ተሳፋሪ ይጠራሉ፣ ከጎኔ ሬዲዮ ጠጋኝ አምስት ሬዲዮ ባንዴ ይከፍታል፣ ከኋላዬ ባለቤቴ ስለ ሳፋ ዋጋ በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች። በሰባት ዓመት ከጻፍኩት የሚበልጥ ገጽ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጻፍኩ።

ተአምር አልነበረም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ነበር፤ ከኡራን በኩል የመጣ ሰው ሁሉ በበረንዳው ሲያልፍ ይጠይቀኛል። ቦዳ ቦዳ ነጂዎቹ ሞተራቸውን ሳያቆሙ “ምዋሊሙ፣ ጠጣች?” እያሉ ይጮኻሉ። “ተራዋ አልደረሰም!” እላለሁ፤ እነሱም “አንተ ነህ ተራ የያዝክባት!” ይሉኛል። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ሳለሁ ሥራ ባለመሥራቴ የሚከፋው ሰው አልነበረም። እዚህ አንድ ሰዓት ብዕሬን ባስቀምጥ መንገዱ በሙሉ ይታዘበኛል።

ጥያቄዎቻቸው ደግሞ ከሦስቱ ደብተሮቼ ይበልጡ ነበር። አንዲት ሴት ፔርሙዝ ስታገላብጥ ቆይታ “ወገን ካላት ለምን ብቻዋን ሄደች?” አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አብሰለሰልኩት፤ ሲነጋ መልሱ መጣ። ወገኖቿ አንድ ጊዜ ረድተዋት ነበር፤ ባሏ ግን የተሰጠውን ከብት ሸጦ ከተማ ገብቶ በልቶት ሞተ። እሷ ሁለተኛ ለመለመን አፈረች። ይህ ሦስተኛው ምዕራፍ ሆነ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ሲቆም ሌላው ሁሉ ተከትሎት ተነሣ። ዝምታ የመሰለኝ ለካ ሐፍረት ነበር።

አመሌ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሞተም። በዘጠነኛው ቀን ስልኬ ላይ ስለ ጨረቃ አወጣጥ ሳነብ ራሴን ያዝኩት፤ ቀነ ገደቤን በትክክል ለማወቅ ነው ብዬ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወገቧ ውስጥ ሸጎጠችው። “ጨረቃ ስትሞላ እኔ እነግርሃለሁ። ሰማይ ላይ ነው የምትወጣው፣ ትታያለች።”

በሃያኛው ቀን ጨረስኩ። የመጨረሻውን ነጥብ ሳስቀምጥ ተነሥቼ ጮህኩ፤ ሬዲዮ ጠጋኙ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎት እየሮጠ መጣ።

ኡራን የሄድነው ሁለታችንም ነን፤ ባለቤቴ ሱቋን ዘጋች። ከብት ታልቦ ሲያበቃ፣ ጨረቃዋ ብቅ ስትል ሰዉ ተሰበሰበ። “ይህ ተረት ነው” ብዬ ጀመርኩ፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አማርኛውን ከወረቀቱ እያየሁ በኦሮምኛ ተናገርኩ። የጉድጓዱ ተራ አስከባሪ “ተራሽ አልፏል” ሲላት አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተፉ። አንድ ሰው “ያን ያህል ጥልቀት ላለው ጉድጓድ ሦስት ውሃ ቀጂ አይበቃም፣ አምስት ነው” ብሎ አረመኝ፤ እዚያው ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። በመጨረሻ ሴትዮዋ ስሟንና ወገኗን ተናግራ ስትጠጣ ባለ ሻይ ቤቷ “እሰይ!” ብላ ተነሣች፣ ሴቶቹም እልል አሉ። በአዲስ አበባ አዳራሾች ስንት ጭብጨባ ሰምቻለሁ፤ ሁሉንም ለዚያች እልልታ እለውጣቸዋለሁ።

“አለቀ?” አሉ ሽማግሌው።

“አለቀ።”

“እንግዲያ ቃልህ ተመልሷል። የቤትህም።” ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ ስታደርግ አየሁ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ጊደሯና ፍየሎቹስ? የተሰጠ ከብት ወደ መንጋው አይመለስም። የእኔን ሴት ፍለጋ አሥር ጉድጓድ ሲዞሩ በሰባተኛው ላይ ከብቷ ያለቀባትን፣ ለማንም ያልተናገረች አንዲት የራሳቸውን ወገን አግኝተው ኖሯል። ከብቱ ለእሷ ተሰጠ። ያን ምሽት ከእኔ ሁለት ሰው አልፋ ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። ስንለያይ መጣችና “ያንተዋ ሴት ትዕቢተኛ ናት” አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታም “እንደኔ” አለች። ልብ ወለድ ለማንም አይጠቅምም እያሉ ከእኔ ጋር ሲስማሙ ለኖሩት ሁሉ ከዚህ የተሻለ ማስተባበያ የለኝም።

መጽሐፉ አዲስ አበባ ታትሟል። አንድ ሐያሲ “ደራሲው ትንሽ የቸኮሉ ይመስላል” ብሎ ጻፈ። ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሙገሳ ደርሶኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሊጽፉ ያሰቡ ሰዎች እየመጡ ያሰቡትን ይተርኩልኛል፤ ጸጥ ያለ ቤት ቢያገኙ፣ ጥቂት ጊዜ ቢተርፋቸው፣ ጥናታቸውን ቢጨርሱ። እናንተም ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁ ስለምትጽፉት መጽሐፍ አትንገሩኝ። የጻፋችሁትን አንድ ገጽ ይዛችሁ በረንዳው ላይ ኑና ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ገጹ ከሌላችሁ ሰላም ብላችሁ እለፉ።